ያገለገለ የሥር መከላከያ ሳይንኳኳና ሳይረግፍ እንዲቆይ አድርጎ መግጠም

ያገለገለ ስኪድ ፕሌት፣ ማለትም የመኪናን ሥር ከድንጋይ የሚከላከል ብረት፣ ገዝቶ ያስገጠመ ሰው ብዙ ነው። ወር ሳይሞላው የሚያማርርም ብዙ ነው። አንዱ ይንኳኳበታል፣ የሌላው በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ መንገድ ይፍቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ጥሎት ይመጣል። ከዚያ «ያገለገለ ብረት አይረባም» ይባላል። ብረቱ ምንም አልሆነ። ችግሩ አገጣጠሙ ነው። አራት ሚሊ ብረት ድንጋይ ይችላል፤ የማይችለው በሁለት ነጥብ ብየዳ የተያዘው ጫፉ ነው።

መመሪያው ለሀይሉክስ፣ ለፕራዶና እነሱን ለመሰሉ ሻንሲ (አካሉን ከሥር የሚሸከም ወፍራም የብረት ክፈፍ) ላላቸው መኪኖች ነው። ሀርድቶፕ ላንድክሩዘር የምትነዱም ትጠቀሙበታላችሁ፣ ግን ደረጃ 2 ላይ ለእናንተ የተለየ ነገር ስላለ እሱን ሳታነቡ ብረት እንዳትገዙ። ሻንሲ የሌላቸው ትናንሽ የቤት መኪኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙ። መከላከያው የሚታሰረው ሻንሲ ላይና ሻንሲውን የሚያያይዙት መስቀለኛ ብረቶች ላይ ብቻ ነው። ሞተር ላይ አይታሰርም፣ ካምቢዮ ላይ አይታሰርም፣ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) አጠገብ ክፍት ሆኖ ባገኛችሁት ቀዳዳም አይታሰርም። ሞተር በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል፣ ሻንሲ አይወዛወዝም። ሁለቱን በአንድ ብረት ካሰራችኋቸው አንዱ ይሰበራል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ውዱ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ክሪክና ቢያንስ ሁለት የብረት እግር ማቆሚያ፣ ቡሶላ (ብሎን የሚፈታ ክብ ቁልፍ) ከ10 እስከ 19፣ ትራፓኖ (መብሻ) ከስለታም ፑንታዎች ጋር፣ ግራይንደር፣ ሞረድ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሜትር፣ ወፍራም ካርቶን፣ ማግኔት፣ ጠመኔ፣ ደብሊው ዲ 40 ወይም ናፍጣ፣ አንቲረስት ቀለም፣ ግሪስ። የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው፣ መኪና ሥር ተኝታችሁ ወደ ላይ ስትቦርቡ ፍቅፋቂው ቀጥታ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚወርደው። አንድ ረዳትም ያዙ። ብረቱ ከባድ ነው፣ ብቻችሁን ደረታችሁ ላይ ይዛችሁ ብሎን ማስገባት አትችሉም።

ጊዜውንም አስቡበት። ሰኔ ሳይገባ ጨርሱት። ክረምት ከገባ በኋላ ከፎገራም ሆነ ከደንቢያ የሚመጣ መኪና ሥሩ ዋልካ ለብሶ ነው የሚመጣው፣ ያንን እየፋቁ መለካት ሥራ አይደለም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መኪናው ሥር ግቡ፣ ገበያው ይቆይ

አብዛኛው ሰው የሚሠራው ገልብጦ ነው። ብረቱን በርካሽ አገኘሁ ብሎ ይገዛል፣ ከዚያ መኪናው ላይ ቦታ ይፈልግለታል።

1. ሞተሩና ማርሚታው ከቀዘቀዘ በኋላ ላቫጆ ወስዳችሁ ሥሩን በደንብ አሳጥቡ። ሐይቅ ዳር ወስዳችሁ ግን እንዳታጥቡት። ከሥሩ የሚወርደው ዘይት ጣና ነው የሚገባው።

2. መኪናውን ሊሾ ወይም ኮንክሪት ላይ አቁሙ። ማርሽ አስገቡ፣ እጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ፊቱን በክሪክ አንሱና ሻንሲው ሥር ማቆሚያዎቹን አስገቡ። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብሎ ነገር የለም። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፣ እርጥብ ዋልካ ላይ ከሆነ ግን ሥራውን ተዉት፣ ማቆሚያው ቀስ ብሎ ይሰምጣል።

3. ሻንሲውን በእጅ ባትሪ ፈትሹ። ፋብሪካው ለመከላከያ ማሰሪያ ብሎ የበየዳቸው ዳዶዎች አሉ። ብዙ ጊዜ በጭቃ ተደፍነው ቀዳዳም አይመስሉም። በምስማር ቆርቁሯቸው። ስታገኙ በጠመኔ ክበቡና በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

4. ካርቶኑን ከሥር አስደግፋችሁ ቀዳዳዎቹን በጣት እየተጫናችሁ ምልክታቸውን አስቀሩበት። ከዚያ ከመሐል እስከ መሐል በሜትር ለክታችሁ እዚያው ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም፣ ሰያፉንም ለኩ። ሰያፉን የማይለካ ሰው ነው በኋላ ቀዳዳ ሲያሰፋ የሚውለው።

5. ወደ ታች የወጡትን ነገሮች ካርቶኑ ላይ ሳሉ። ኮፓው፣ የዘይት ማፍሰሻው ታፖ፣ ፊልትሮው፣ ማርሚታው የሚያልፍበት መስመር። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩና ቲራንቴው (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) እስከየት እንደሚደርስ ምልክት አድርጉ።

የብሎን ጥርስ ነገር (ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው)

እያንዳንዱን የሻንሲ ዳዶ በብሎን ሞክሩ፣ በእጅ ብቻ። ከመሞከራችሁ በፊት ደብሊው ዲ 40 ወይም ናፍጣ ጨምሩበትና ይደር፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ አጽዱት።

የቶዮታ ኤም 8 (8 ሚሊ ውፍረት ያለው) ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ነው። ሱቅ የምታገኙት ተራ ኤም 8 እንዲሁ 1.25 ስለሆነ ችግር የለውም። ልዩነቱ ራሱ ላይ ነው፣ የቶዮታው በ12 ቁልፍ ይፈታል፣ የሱቁ ብዙውን ጊዜ በ13። ኤም 10 ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቶዮታው ብዙውን ጊዜ 1.25 ሲሆን ሱቅ የሚሸጠው ተራ ኤም 10 ደግሞ 1.5 ነው። በዓይን አይለዩም። በእጅ ሁለት ዙር ያህል ይገባል፣ ከዚያ ይጠነክራል። እዚያ ላይ «ዝገት ነው» ብላችሁ በቁልፍ ከገፋችሁት የዳዶውን ጥርስ በላችሁት ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ሻንሲው ውስጥ ስለሆነ እንደ ተራ ዳዶ አውጥታችሁ የምትቀይሩት አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። ከመኪናው ላይ አንድ የፋብሪካ ብሎን ፍቱ። ከሱቁ ብሎን ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ ለጥርስ አግጥሟቸው፣ ወደ ብርሃን አንሱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቆላልፈው ብርሃን ካላሳለፉ አንድ ናቸው። መሐል ላይ ክፍተት ካያችሁ አትግዙት። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያለበትን ፈልጉ፣ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለበር ማጠፊያ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ብረቱን መምረጥ

የተጋጩ መኪኖች የሚፈቱበት ጋራዥ ወይም ብረት በኪሎ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ነው የሚገኘው። ካርቶናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኝ ወይም ቢያንስ የሽያጭ ወረቀት ተቀበሉ፣ ከቆመ መኪና ሥር ተፈትቶ የመጣ እንዳይሆን።

ውፍረቱ ለብረት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ይሁን። ከበርሜል የተቆረጠ ቆርቆሮ የሚያቀርብላችሁ ይኖራል፣ እሱ ጭቃ እንጂ ድንጋይ አይመልስም። ከ5 በላይም አትሂዱ። 4 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 6 ሚሊ ደግሞ 47 ይሆናል፣ ያን ሁሉ የሚሸከመው የፊት ሱስፔንሽናችሁ ነው። ማግኔት ካልያዘው አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ግን ከተሰነጠቀ ተራ በያጅ አይበይደውም።

ስንጥቅ በዓይን አይታይም፣ በተለይ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ። እንዲህ አድርጉ። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትጉት። ናፍጣ ቀቡት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ በስሱ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ናፍጣ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር ክር መስሎ ይታያችኋል። ሻጩ ሊያኮርፍ ይችላል፣ ያኩርፍ።

የታጠፈ ብረት መግዛት ይቻላል። የተቀደደውን ተዉት። ዝገቱን በመዶሻ ጫፍ ምቱት፣ በንብርብር ከተላጠ ውፍረቱ አልቋል።

ሀርድቶፕ ላላችሁ፦ የፊት አክስላችሁ አንድ ወጥ ስለሆነ ጎማው ጉድጓድ ሲያነሳው አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሀይሉክስ ወይም የፕራዶ መከላከያ ሙሉውን ሊሆናችሁ አይችልም፣ አክስሉ ይመታዋል። እናንተ የምትፈልጉት ሁለት አጫጭር ብረት ነው። አንዱ ከፓራውልቱ (ከፊት መከላከያው) ሥር ሆኖ ራዲያተሩን የሚሸፍን፣ ሌላው ከአክስሉ ኋላ ሆኖ የፎርዊል ካምቢዮውን የሚጠብቅ።

ደረጃ 3፦ ማቃናት

ብረቱን በቀዝቃዛው አቃኑት። ኮንክሪት ላይ ሁለት አንጎላሬ (ኤል ቅርጽ ያለው ብረት) ዘርግታችሁ፣ ያበጠውን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ በትልቅ መዶሻ ከዳር ወደ መሐል። እንቢ ካለ በእሳት ማሞቅ ይቻላል፤ አሉሚኒየም ግን እሳት አይንካው፣ ጥንካሬውን ያጣል። መስታወት የመሰለ ቀጥታ አትፈልጉ። ቀዳዳዎቹ ካርቶኑ ላይ ካሉት ጋር ይግጠሙ፣ በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳታጠብቁ መሞከር

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሁሉንም ደረጃ ሁለቴ ይሠራል።

1. ረዳታችሁ ብረቱን በእግሩ ወይም በሁለተኛ ክሪክ ከሥር ይያዝ። በክሪክ ከሆነ መሐል ላይ ጣውላ አድርጉበት።

2. የፊተኞቹን ሁለት ብሎኖች በእጅ ሦስት ሦስት ዙር አስገቡ። ከዚያ የኋለኞቹን። አንዱም አይጥበቅ። አንዱን ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ ቀሪዎቹ ቀዳዳዎች ይሸሻሉ።

3. የኋለኞቹ ካልገጠሙ ብረቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በሞረድ ወደ ሞላላ አስረዝሙት። የፊተኞቹ ክብ ሆነው ይቅሩ፣ ብረቱን ቦታው ላይ የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው። የሻንሲውን ቀዳዳ ግን በጭራሽ አታስፉ።

4. ክፍተቱን ለኩ። ለዚህ ሊጥ ይበቃል። አንድ እፍኝ ሊጥ ከኮፓው ሥር ለጥፉ፣ ብረቱን ግጠሙ፣ መልሳችሁ አውርዱና የተጨፈለቀውን ሊጥ ውፍረት ለኩ። ከኮፓ እስከ ብረት ቢያንስ 25 ሚሊ፣ ከማርሚታ ደግሞ ከ30 በላይ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ድንጋይ ሲመታው ብረቱ ታጥፎ ኮፓውን ይነካል፣ ያኔ መከላከያው ራሱ ነው ኮፓ የሚበሳው።

5. ሁለት ቁራጭ የምትገጥሙ ከሆነ የፊተኛው የኋላ ጫፍ ከኋለኛው ፊት ጫፍ በታች ይደረብ። እንደ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ውኃው የሚወርድበትን አቅጣጫ ተከትሎ። ከገለበጣችሁት የኋለኛው ጫፍ አፉን ወደ ፊት ከፍቶ ድንጋይና ጭቃ ያፍሳል።

ደረጃ 5፦ ቀዳዳው ባይገጥምስ? ቅንፍ መሥራት

ከሌላ መኪና የመጣ ብረት ከሆነ አንድ ሁለት ቦታ ላይገጥም ይችላል። እዚህ ጋ ነው በያጅ የሚጠራው፣ በያጁም «ችግር የለም» ብሎ ሻንሲው ላይ ነጥብ ነጥብ የሚያደርገው። «ጋሼ፣ ሻንሲውን አይንኩብኝ፣ ቅንፉን ብቻ ይበይዱልኝ» በሉት። ብየዳ ሻንሲውን በሙቀት ያዳክመዋል። በዚያ ላይ ዘይት መቀየር በፈለጋችሁ ቁጥር ግራይንደር ልትጠሩ ነው።

ቅንፉን ከ5 ሚሊ አንጎላሬ ቁረጡ። አንዱ ጎኑ ሻንሲው ላይ ባለ ነባር ቀዳዳ በብሎን ይታሰር፣ ሌላው ጎኑ መከላከያውን ይያዝ። ብየዳው ከመኪናው ውጭ፣ ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ይሁን። ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ቀለሙን በግራይንደር አንሱ፣ ሲበየድ ጭሱ መርዝ ነው። የግድ መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ ግን የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ የት እንዳለ እዩ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

ብሎኑ በሻንሲው ሣጥን ውስጥ አልፎ በሌላው ጎን የሚወጣ ከሆነ መሐሉ ባዶ ነው፤ ስታጠብቁት ሻንሲው ይጨማደዳል። ልክ የሻንሲውን የውስጥ ስፋት የሚያህል ቱቦ ቆርጣችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ብሎኑ በሱ ውስጥ ይለፍ።

ደረጃ 6፦ የሚቆረጡ ቀዳዳዎች

ከታፖው ትይዩ 7 ሳንቲ ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ክፈቱ፣ ፊልትሮው ወደ ታች የሚፈታ ከሆነ ለሱም። ዘይቱ ሲፈስ ቀጥታ እንደማይወርድ አትርሱ፣ ታፖው ወደሚያይበት ጎን ይወረወራል፣ ስለዚህ ወደዚያ ጎን ትንሽ አስፉት። ከዝቅተኛው ቦታ አራት አምስት የውኃ መውረጃ ብሱ። የአየር መውጫ ከፈለጋችሁ ጫፉ ወደ ኋላ የታጠፈ ይሁን፣ ወደ ፊት የሚያይ ቀዳዳ አፈር ማፈሻ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ሞርዱ፣ እጅ ይቆርጣል።

ከሥር የሚወጣው የብሎን ራስ ሌላ ጣጣ ነው። የዘጌ መንገድ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ አንድ ሁለቴ ሲፍቀው ቁልፍ የማይይዝ ክብ ያደርገዋል። በያጁ በእያንዳንዱ ብሎን ዙሪያ ከወፍራም ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት ብረቱ ላይ እንዲበይድ አድርጉ። ቀለበቱ ከብሎኑ ራስ ከፍ ያለ፣ ቡሶላ የሚያስገባ ይሁን። መብራት ካለ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀለም

በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ፣ በቤንዚን ጥረጉ፣ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ አንድ እጅ ቀለም። የቤንዚን ጨርቁን ከግራይንደር አርቁት። ላይኛውን ጎን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያየውን፣ ከታችኛው የበለጠ ቀቡ፤ ጭቃ ተኝቶ የሚያዝገው እሱን ነው።

ደረጃ 8፦ ማጥበቅ

ጥርሶቹን ግሪስ ንኩ፣ ብሎን ላይ ሮንዴላ (ከብሎን ራስ ሥር የሚገባ ቀለበት) እና ስፕሪንግ ሮንዴላ አድርጉ። ሞላላ ባደረጋችኋቸው ቀዳዳዎች ላይ ሰፊና ወፍራም ሮንዴላ ያስፈልጋል። ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በሰያፍ አጥብቁ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራ። ለ8.8 ኤም 8 ብሎን 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ለኤም 10 ከ45 እስከ 50 ይበቃል። ቶርክ ቁልፍ ከሌላችሁ በተራ ቁልፍ፣ በአንድ እጅ። ቱቦ ቀጥላችሁ እንዳትጎትቱ፣ ግሪስ የተቀባ ብሎን በቀላሉ ይበጠሳል።

ደረጃ 9፦ ሙከራ

መኪናውን አውርዱ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ረዳታችሁ ነዳጅ ሰጥቶ ይልቀቅ፣ እናንተ ከጎን ሆናችሁ አድምጡ። መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ። ቀጥሎ ከተማ ውስጥ ትንሽ ንዱና ብሎኖቹን እዩ። ከዚያ ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ መንገዱ ከባሕር ዳር በአንድ ጎን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሙከራ ይበቃል። እዚያው ቆማችሁ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። ስትመለሱ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ 500 ኪሎ ሜትር ላይ አንዴ ድገሙት።

ሲበላሽ

ብሎኑ ዳዶው ውስጥ ተሰበረ፦ አትቦርቡ ገና። በናፍጣ አሳድሩት። የወጣ ጫፍ ካለው ዳዶ በይዳችሁበት በቁልፍ አዙሩት፣ የብየዳው ሙቀትም ያላቅቀዋል። ባትሪ መፍታት አትርሱ። ውስጥ ከቀረ መሐሉን በሹል ብረትና በመዶሻ ነጥቡና ከቀጭን ፑንታ ጀምራችሁ ብሱ።

ዳዶው ከሻንሲው ተላቆ አብሮ ይዞራል፦ የቅርቡን የሻንሲ ቀዳዳ ፈልጉና በቀጭን ቁልፍ ወይም ጫፉ በተጠፈጠፈ ብረት ያዙት። ካልተደረሰበት የብሎኑን ራስ ቆርጣችሁ በደረጃ 5 ወደተነገረው ቅንፍ ሂዱ።

ዝቅ ባለ ፍጥነት ይንኳኳል፦ ወይ ክፍተቱ አንሷል ወይ ሞላላው ቀዳዳ ላይ ሮንዴላው ቀጭን ነው። በብረቱና በሻንሲው መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ስስ ንጣፍ አድርጉ። ንጣፍ ካደረጋችሁ ብሎኑ ይላላልና ቶሎ ቶሎ እዩት።

ሞተሩ ከበፊቱ ይሞቃል፦ የራዲያተሩ አየር መውጫ አጥቷል። ወደ ኋላ የሚያይ መውጫ ጨምሩ። መጀመሪያ ግን ብረቱ ላይ የተኛ ጭቃ ካለ አውጡ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሚቃጠል ሣር ይሸታል፦ ወዲያው ቁሙ። ከመኸር በኋላ ገለባ የተበተነበት መንገድ ወይም ረጅም ደረቅ ሣር ላይ ስትነዱ በብረቱና በማርሚታው መካከል ይሰገሰጋል፣ ማርሚታው ደግሞ ያቀጣጥለዋል። ቆማችሁ ሞተር አጥፉ፣ የቆማችሁበት ሣር ላይ እንዳይሆን፣ በረጅም ሽቦ ስባችሁ አውጡ፣ ውኃ አፍስሱበት። በዚያ ወቅት ማታ ማታ ማየት ልማድ ይሁን።

መንገድ ላይ ታጥፎ ኮፓውን ነካ፦ ሞተሩን አጥፉና ከሥር እዩ። ዘይት ካልፈሰሰ ክሪኩን በብረቱና በኮፓው መካከል ሳይሆን ከጎን፣ ሻንሲው ሥር አድርጋችሁ አንሱ፣ ማቆሚያ ወይም የተደላደለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ፣ ብሎኖቹን ፍቱና ብረቱን ኋላ ጫኑት። ያለ መከላከያ ቀስ ብላችሁ መንዳት የተጣመመውን ይዞ ከመሄድ ይሻላል። ዘይት ካያችሁ ግን ሞተሩን ደግማችሁ አታስነሱ፣ ዘይቱን ልክም ብትጨምሩ እየፈሰሰ ነው የሚያልቀው። አስጎትቱ።